የስድስት ሚሊሜትር ክፍተት

ጥቅምት 2

ለታላቅ እህቴ፣

«እማማ አፍህን አይታ ተረብሻለች። ‹ምን እያለ ነው ይሄ ሰውዬ የሚያላግጥብኝ?› ብላ ቀኑን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። ከንፈርህ እስኪስተካከል ድረስ ባትመጣ ይሻላል። አትቸኩል፣ ሕክምናህን ረጋ ብለህ ጨርስ። የምትላት ነገር ካለህ ለኔ ጻፍልኝ፤ እኔ እነግራታለሁ።»

ይህ ያንቺ ቃል ነው። መስከረም ሃያ አንድ ቀን ጽፈሽ፣ ረስቼው ከመጣሁት ሹራብ ጋር ጠቅልለሽ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የላክሽልኝ። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም፤ አንድ ፊደል አላጎደልኩበትም። አንቺ የሰው ቃል ስታቀብዪ ምን እንደምታደርጊው በኋላ እመጣበታለሁ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ነገር መጀመሬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እንግዲያውስ ሰላምታዬ ይኸውልሽ። እንዴት ነሽ እትዬ? ጉልበትሽስ? ደረጃ አቃተኝ ብለሽኝ ነበር፤ ቀለል አለሽ? እማማስ? እንቅልፍ ትተኛለች? የዓይኗን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጊላታለሽ? እኔ ከአፍንጫዬ በላይ ምንም አልጎደለብኝም። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ «ክፉ ነገር እንዳትጽፍ» ብላ አስጠንቅቃኝ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። እኔ ክፉ ነገር አልጽፍም። የሆነውን ነው የምጽፈው።

ስልክ ያልደወልኩት ኩራት ይዞኝ አይደለም። ባለፈው ስደውል አራት ጊዜ «ምን?» አልሽኝ፤ በአምስተኛው «መስመሩ ነው መሰለኝ» ብለሽ ዘጋሽው። መስመሩ ደህና ነበር። ያልሠራው እኔ ነበርኩ።

የታችኛው ከንፈሬ አይገጥምም። ይህን አይተሻል፤ ግን ስንት እንደማይገጥም አታውቂም። በየጠዋቱ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት መሥሪያ ቤት የቧንቧና የብረት ውፍረት የምለካበትን ካሊፐር ይዤ መስታወት ፊት እቆማለሁ። አፌን ዘና አድርጌ ስተወው ከላይኛው ከንፈር እስከ ታችኛው ስድስት ሚሊሜትር ነው። ሲበርድ ስድስት ተኩል ይሆናል። የታች ጥርሶቼ ሳይጠሩ ይወጣሉ። የግራው ግማሽ ስለደነዘዘ ምራቄ ሲወርድ አይሰማኝም፤ የማውቀው ሸሚዜ ሲርስ ነው። ገበታ ላይ ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን እያየች የራሷን አገጭ ትነካለች። «ጥረግ» ማለቷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ልታስቀኝ ብላ «አንተ ሰውዬ፣ አገጭህን ፍለጋ ሄደህ ከንፈርህን ጥለህ መጣህ» ትለኝ ነበር። አሁን ቀልዱን ትታዋለች። የተተወ ቀልድ ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

«በ» ለማለት፣ «መ» ለማለት ሌባ ጣቴን ከከንፈሬ ሥር አድርጌ ወደ ላይ እገፋዋለሁ። ቆሻሻ ልብስ በሁለት ጣት እንደሚያነሳ ሰው ነው የምመስለው። ባለፈው ወር አንድ ሥጋ ቤት ሚዛን ልፈትሽ ገባሁ። የአንድ ኪሎ መፈተሻዬን ስጭንበት ሚዛኑ ሃያ ግራም ጨምሮ አነበበ። «ሚዛንህ ያጋድላል» አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በሦስተኛው ጣቴን ከንፈሬ ሥር አድርጌ ስነግረው ገባው፤ ቢላዋውን አስቀምጦ «ጌታዬ፣ ቢያጋድልም እንደርስዎ ከንፈር አያጋድልም» አለኝ። ተራ የያዙት ሁሉ ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ብቻ «ኧረ ነውር ነው፣ እግዜር የፈጠረውን!» ብላ ተቆጣችው። የሷ የባሰ ጎዳኝ። እግዜር አይደለም የፈጠረው። እግዜር የፈጠረው ሌላ ነበር። ሚዛኑን ሳላሽገው ወጣሁ። በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዬ ያጋደለ ሚዛን አይቼ ሳላሽግ ስወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ «ምን ቆርጦህ ነው ደህና አገጭህን ያስነካኸው?» ያልሽኝን ልመልስልሽ። ባለፈው ዓመት ጠይቀሽኝ ነበር፤ «ለመልኬ» ብዬ ዋሸሁሽ። አንቺም «በሃምሳ ዓመትህ ሙሽራ ልትሆን ነው?» ብለሽ ሳቅሽ።

እማማ ማጅራት ገትር ይዟት ጆሮዋ ሲጠፋ እኔ የሰባት ወር ልጅ ነበርኩ፣ አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር። ከኔ የሰማችው ለቅሶ ብቻ ነው። ያንቺን ድምፅ ግን ታውቀዋለች። ከአልጋ ስትነሳ ፊት ለፊቷ የምትቆሚው አንቺ ስለነበርሽ ከንፈር ማንበብ የተማረችው ካንቺ አፍ ነው። ፊደሏ አፍሽ ነበር። የጽሑፍ ፊደል ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አልቆጠረችም። አባባ ጢሙ አፉን ስለሚሸፍነው «ተላጨው፣ ምን እንደምትል ልይ» ስትለው «እህቱን ከወለድሽልኝ ምን ቸገረሽ» ይላት ነበር፤ ‹እህቱን› ያለው አንቺን ነው። እኔ ጢም ባይኖረኝም አገጭ አልነበረኝም። የታችኛው ከንፈሬ ከላይኞቹ ጥርሶቼ ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ኩርፊያ እየመሰላት «የኔ አኩራፊ» ትለኝ ነበር፤ ስሜ ሆኖ ቀረ። ስናገር ትንሽ ታየኝና ዞር ብላ አንቺን «ምን አለ?» ትልሻለች። አንቺም ትነግሪያታለሽ። በቤታችን ሦስት ሰው ያንቺን አፍ ተበድሮ ኖረ። ድካምሽን አልክድም። ጓደኞችሽ ሲዳሩ፣ ሲወልዱ፣ አንቺ ከእማማ ፊት ለፊት ቆመሽ ስታወሪ ወጣትነትሽ አለፈ። ይህን ሳልጽፍ ቀሪውን ብጽፍ ሚዛኔን ያጋደልኩት እኔ እሆናለሁ።

ግን የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት አለ።

ያኔ በሥራው ሦስት ዓመቴ ነው፤ የወፍጮ ቤቶች ፍተሻ ዙር ላይ ነበርኩ። መሥሪያ ቤት ደውለሽ ለጸሐፊዋ የነገርሻትን እሷ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በሾፌር ላከችልኝ። «አባባን ትንሽ አሞታል፤ ብቅ ብትል ጥሩ ነው» ይላል። ሾፌሩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ሞተሩን አላጠፋም። «ጌታው፣ ዕቃዎን ይያዙና እንሂድ፤ ይሄ መልእክት ደግ አይደለም» አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ትንሽ ነው የሚለው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና «እንዳሉ» አለ። አራት ወፍጮ ቤት ቀርቶኝ ነበር። አራቱንም ፈትሼ፣ አራቱንም ፈርሜ መጣሁ። አባባ ግን ጸሐፊዋ ወረቀቱን ስትጽፍ ሞቶ ነበር። በማግሥቱ ተቀበረ። እኔ የደረስኩት በአራተኛው ቀን ነው።

«ደንግጠህ መንገድ ላይ አንድ ነገር እንዳትሆን ብዬ ነው» አልሽኝ በር ላይ። ገብቶኛል። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያረዳው። ሰው ሁሉ ደግሞ «ትንሽ አሞታል፣ ና» ሲባል የጫማውን ክር ሳያስር ይሮጣል። ያልሮጥኩት እኔ ነኝ። በላኪ እጅ ጥፋት አለ፣ በተቀባይ እጅም አለ፤ ከተባለ እኔ ከግማሹ አልሸሽም። ያንቺን ‹ትንሽ› የሚለካ መስፈሪያ ግን በዚህ ምድር ላይ አላገኘሁም።

ስገባ እማማ ሰው መሃል ተቀምጣ ነበር። «የት ነበርክ?» አለችኝ። «መሞቱን አልነገሩኝም እማማ፤ ትንሽ አሞታል ነው የተባልኩት» አልኩ። እንደ ልማዷ አንቺን አየች። ጀርባሽ ወደኔ ስለነበር አፍሽን አላየሁትም። እሷ ግን «ገባኝ» አለችና አንገቷን ደፋች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን «ገባኝ» እንደ ምሕረት ይዤ ኖርኩ። ሥራ ላይ ሲከፋኝ፣ ልጅ ሳይወጣልን ሲቀር፣ «ቢያንስ እናቴ ነገሩ ገብቷታል» እል ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት የሸሚዜን ቁልፍ ስትተክልልኝ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ ያለምንም ቁጣ፣ የአየር ጠባይ እንደምታወራ ሆና፣ «አባትህን ለሥራ ብለህ ሳትቀብር ቀረህ። እኔን ግን እንዲያ አታድርገኝ» አለችኝ።

ትዝ ይልሻል። ጠረጴዛ ትወለውዪ ነበር፤ ንጹሕ ጠረጴዛ። «ያኔ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?» ብዬ ጠየቅሁሽ። «የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት የተባለውን! እኔ ቴፕ ነኝ እንዴ?» አልሽ። «አሁን ንገሪያት» አልኩሽ። «አፍ አለህ አይደል፤ ራስህ ንገራት» አልሽኝ። ነገርኳት። «አልነገሩኝም እማማ» አልኳት፤ ቀስ ብዬ፣ ደግሜ፣ ሠልሼ። አየችኝ፣ አየችኝና ዞር ብላ አንቺን «ምን አለ?» አለች። አንቺም «ሻይ ጨምሪልኝ ነው የሚለው» አልሻት። በዚያን ቀን ከጎን ስለቆምኩ አፍሽን አየሁት። ተነስታ ብርጭቆዬን ሞላችልኝ። «ስኳር?» አለች።

ጠጣሁት እትዬ። ምን አደርጋለሁ?

ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው የቆረጥኩት። የጎረቤት አፍ አልበደርም፤ የቤታችንን ጉድ ለሰው አልሰጥም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሞክራልኛለች። ቁጭ ብላ ሁሉንም ስትነግራት እማማ ጉንጯን ዳሰሰችና «ቆንጆ ነሽ» አለቻት። የማታውቀው አፍ ነውና። የራሴን አፍ እማማ የምታነበው ማድረግ ብቻ ቀረኝ። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ «አገጭህን ሰባት ሚሊሜትር ወደፊት ባመጣው ከንፈርህ ከጥርስህ ሥር ይወጣል፤ ቀላል ነው» አለኝ። ሰባት ሚሊሜትር ለኔ ብዙ ነው። በሰባት ሚሊሜትር ልዩነት የታሸገ ነዳጅ ማደያ አውቃለሁ። አመንኩት።

ከታችኛው ከንፈር በውስጥ በኩል ቀዶ፣ የአገጬን አጥንት ቆርጦ፣ ገፍቶ፣ በብረትና በአራት ብሎን አሰረው። ሁለት ወር ደህና ነበርኩ። እንዲያውም መስታወት ፊት «እማማ» ስል ከንፈሬ በሙሉ ታየኝ፤ ብቻዬን ቆሜ እንደ ሕፃን ደጋገምኩት። በሦስተኛው ወር መግል ያዘ። በዚያው ቁስል ገብቶ ብረቱን አወጣው፤ አጥንቱም ሳይጸና ስለነበር ወደ ግራ ተንሸራተተ። «ይህን ለማቃናት መንጋጋውን መቁረጥ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀዶ ጥገና መንጋጋዬን በሁለት በኩል ቆርጦ ሠራው። እብጠቱ ሲጎድል ጥርሴ ገጠመ፣ አገጬ ተቃና፣ ከንፈሬ ወደቀ። የመሸኛ ወረቀቴ ላይ «ውጤቱ አጥጋቢ ነው» ብሎ ጽፏል። ማንን እንዳጠገበ አልጻፈም። ሄጄ ጣቴን ከንፈሬ ሥር አድርጌ ጠየቅሁት። «ጊዜ ይፈታዋል» አለኝ። ዓመት ጠበቅሁ። በየጠዋቱ ለካሁ። ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አልፈታም።

አሁን ወደ መስከረም አሥራ ዘጠኝ ልምጣ።

ከመምጣቴ በፊት ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። ከንፈር የሚያስገጥመው ፊደል ያነሰበትን ቃል መረጥኩ። «አልነገሩኝም» መጨረሻዋ ላይ ብቻ ነው የሚያስቸግረው፤ እሷን በጣቴ እደግፋታለሁ። በሩን የከፈተችልኝ ጎረቤታችሁ «እህትህ መድኃኒት ቤት ሄዳለች» አለችኝና ሄደች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ጸሐይ ክፍሉን ሞልታዋለች። እማማ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ፊቷ ወደ በሩ። ገብቼ ቆምኩ። ዝም አለች። ከልጅነታችን እንደምናደርገው ወለሉን ሁለቴ በእግሬ መታሁ። ቀና ብላ «መጣሽ?» አለች። ጸሐዩ ወግቷት ነው ብዬ አለፍኩት። ሄጄ እጇን ያዝኩ። ጣቶቼን፣ ሰዓቴን፣ የክንዴን ጠጉር ነካካችና ፊቷ በራ። «አኩራፊው! መቼ መጣህ?» አለች።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጣቴን ከንፈሬ ሥር አደረግሁ። «አልነገሩኝም እማማ» አልኳት። ወደ ጆሮዬ አካባቢ ታይ ነበር። ወንበሬን አዛወርኩና ደገምኩት። ያኔ እጇን ዘረጋች። አፍንጫዬን አገኘች፣ ወደ ታች ወረደች፣ እርጥቡን አገኘች። በመሐረቧ ጠረገችልኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን ከከንፈሬ ሥር አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ላይ ገፋችውና ከላይኛው ጋር አጋጠመችው። «በል» አለችኝ።

እትዬ፣ ጣቷ አልተሰማኝም። መኖሩን ያወቅሁት ዓይኔን ወደ ታች ጥዬ ስላየሁት ነው። እናቴ ከንፈሬን ይዛ እኔ እንደያዘችኝ አላውቅም። ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ብዙ ነገር ሊያጣ ይችላል፤ ይህን አጣለሁ ብዬ ግን የፈረምኩበት ወረቀት የለም።

ተናገርኩ። በጣቷ ላይ ተናገርኩ፤ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደምታዳምጥ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየችና «ማን?» አለች። «ማን?» እንጂ «ምን አለ?» አላለችም። የሆነ ነገር ደርሷታል። በዚያች ቅጽበት የመድኃኒት ፌስታልሽን ይዘሽ ገባሽ።

ምን እንዳልሽ አልረሳሁም። «ቁስልህን ትነካካብሃለች፣ ልቀቃት!» ብለሽ እጇን ከአፌ ላይ አነሳሽ። ቁስሉ ከዳነ ዓመቱ ነው። ከዚያ ያላየሁትን ነገር አየሁ። ፊቷ ቆመሽ መናገርሽን ትተሽ ከእግሯ ሥር ተቀመጥሽ፤ መዳፏን አንስተሽ አፍሽ ላይ አደረግሽውና በመዳፏ ውስጥ አወራሻት። እሷም ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ ቅናት ነው የያዘኝ። «እኔ ስመጣ ነው እንዲህ የምትሟሟቂው» ብዬ በሆዴ ሰደብኩሽ። ሹራቤን ረስቼ የወጣሁት በዚያ ንዴት ነው።

ደብዳቤሽ በሁለተኛው ቀን መጣ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ያነበብኩት አጥንቴ እየነደደ ነው። እማማ ዕድሜዋን ሙሉ «ይሄ ሰውዬ» ብላኝ አታውቅም። እማማ በኔ አትረበሽም፤ ከንፈሬን በመሐረቧ የጠረገች ሴት «ያላግጥብኛል» አትልም። ይህ የእማማ ቃል አይደለም፤ ያንቺ ነው ብዬ ጨረስኩ። እስከዚህ ድረስ አሁንም አልተንቀሳቀስኩም። «እንዳልነግርባት አፌን ዘጋችብኝ» ብዬ ለባለቤቴ ፎከርኩ። እሷ ደብዳቤውን ወስዳ አነበበችው፣ መለሰችልኝና «እህትህ ክፉ ሆና አይመስለኝም» አለች። «ታዲያ ምን ሆና ነው?» አልኳት። «መርዶ እንደሚነገረው ሰው ትከሻህን ልትይዝልህ ይሆናላ» ብላ ሄደች። ዘንድሮ የሴት ነገር ሁሉ ግማሹ ነው የሚነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ስሠራ እየዋልኩ የዚያን ቀን ነገር አንድ በአንድ እየመጣ ፊቴ ይሰለፋል። ወንበሬን ለምን እንዳዛወርኩ። «መጣሽ?» ያለችው። መዳፏ። ባለፈው ዓመት «ዓይኗን ትንሽ ይጋርዳታል፤ ጠብታ ታዟል» ያልሽኝ። እኔ በአንድ ንባብ ውጤት አልጽፍም፤ ሌላ ሰው ሁለተኛውን ንባብ ካላነበበልኝ መዝገብ ላይ አላሰፍርም። ስለዚህ ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም። ብዕሬም አይታዘዘኝም።

አዲስ ሐኪም አግኝቻለሁ፤ ወጣት ሴት ናት፣ ቃል አታሳምርም። ሦስት ጊዜ በአንድ ቦታ ስለተቀደደ ከንፈርን ወደ ላይ የሚይዘው ጡንቻ ከአጥንቱ ተላቆ መውረዱን፣ ሲዘጋም ማንም መልሶ እንዳልሰፋው በመስታወት አሳየችኝ። ጠባሳውን ፈታ ጡንቻውን አንስታ አጥንቱ ላይ ልታስረው ትችላለች። ከስድስቱ ሦስቱን፣ ዕድል ካለኝ አራቱን ሚሊሜትር አገኛለሁ። ስሜቱ ግን ላይመለስ ይችላል፤ ንግግሬ እስኪረጋም ስድስት ወር ይፈጃል። «ቢበላሽስ?» አልኳት። «ከዚህም ሊብስ ይችላል» አለችኝ። «የሚያስቸኩልዎት ነገር አለ?» ብላም ጠየቀችኝ። «እናቴ» አልኳት። አልገባትም፤ በመዝገቡ ላይ ግን ጻፈችው። አልጋ የያዘችልኝ ለጥቅምት አሥራ አራት ነው።

አራተኛ ጊዜ ቢላዋ ሥር መተኛት አልፈራም። የምፈራው ከንፈሬን አስገጥሜ ስመጣ የሚያየው ሰው እንዳላጣ ነው።

ያም ከሆነ፣ እትዬ፣ አልከስሽም። የሃያ አምስት ዓመቱንም በሙሉ ባንቺ ላይ አልጭነውም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ ለምኜሽ አላውቅም። እጇን አፍሽ ላይ አድርጊና «ያኔ መሞቱን አልነገርነውም፤ ትንሽ አሞታል ነው ያልነው፤ እሱ ደግሞ ሞኝ ነው፣ አመነ» በያት። ‹ሞኝ› የምትለዋን አታስቀሪያት። ሞኝ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ እማማ በዚያች ቃል ስለምታምንሽ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካስጨነቀሽ የኔ አድርጊው። ብቻ ሥራዬን ከአባቴ አስበልጬ እንዳልቀረሁ ትወቅ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም፤ ሰባቱም ሚሊሜትር፣ ሦስቱም ቀዶ ጥገና ለዚች ነበር።

ለጉልበትሽ ብርታት ይስጥሽ። የእማማን እጅ ይዘሽ የምትወጪ የምትወርጂበትን ደረጃ እግዚአብሔር ያሳጥርልሽ። ለሷ ያፈሰስሽውን ዕድሜ ሌላ ሰው ባይከፍልሽም እሱ አይርሳብሽ። እማማን ስለኔ ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ማን እንደሳማት ንገሪያት።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ጥያቄ ነው፤ የአልጋዬም ጉዳይ በሱ ይቆረጣል። ዛሬ በር ተከፍቶ ሰው ሲገባ፣ እማማ ማን እንደገባ የምታውቀው በምንድን ነው? በስልክ አትንገሪኝ፣ በሹፌር ቃልም አትላኪብኝ። በእጅሽ ጽፈሽ፣ ፈርመሽበት፣ እስከ ጥቅምት አሥራ ሁለት እንዲደርሰኝ።

ታናሽ ወንድምሽ